ምርጫው እውነት ነው ወይስ ማስመሰያ? በክፍል በክፍል ስለሚወጡ የታሪክ ጌሞች የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ሲሆኑ፣ ሁሉም ታሪክን ዋና ጉዳያቸው አድርገው እንደ ቴሌቪዥን ድራማ በክፍል ተከፋፍለው የሚወጡ የቪዲዮ ጌሞችን ይመለከታሉ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጥያቄዎቹን ለመመለስ የአንዳንድ ጌሞችን ታሪክ መግለጥ ግድ ስለሆነብን፣ «ዘ ዎኪንግ ዴድ»ን እና «ላይፍ ኢዝ ስትሬንጅ»ን ገና ያልተጫወተ አንባቢ የመጀመሪያውን መልስ ዘልሎ ቢያልፍ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በደሴ ሸዋ በር አካባቢ የምኖር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። እኔና የጎረቤቴ ልጅ የ«ዘ ዎኪንግ ዴድ»ን የመጀመሪያ ምዕራፍ በየቤታችን ተጫውተን ጨረስን። በክፍል 1 እኔ ካርሊን አዳንሁ፤ እሱ ደግሞ ዳግን አዳነ። ክፍል 3 ላይ ግን የእኔም ካርሊ፣ የእሱም ዳግ ሞቱ። መጨረሻችንም አንድ ሆነ። ታዲያ ጌሙ «ታሪኩ እንደ አጨዋወትዎ ይቀረጻል» ብሎ መጀመሩ ማታለል አይደለም?

መልስ፦ ቅሬታዎ ተገቢ ነው፤ ማታለል የሚለውን ግን ሙሉ በሙሉ አንቀበለውም። ጌሙን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ለመግለጽ፣ «ዘ ዎኪንግ ዴድ» በካሊፎርኒያ ሳን ራፋኤል ይገኝ የነበረው ቴልቴል ጌምስ በ2012 ከኤፕሪል እስከ ኖቬምበር በአምስት ክፍል ያወጣው ሥራ ነው። ተጫዋቹ የሚሆነው ሊ ኤቨሬትን ነው። ሊ በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት በፖሊስ መኪና ወደ እስር ቤት ሲወሰድ፣ ሙታን ተነሥተው ሰው በሚበሉበት ዓለም መሀል ይወድቃል፤ ከዚያም ወላጆቿ አጠገቧ የሌሉትን ክሌመንታይን የተባለች ትንሽ ልጅ አግኝቶ እንደ አባት ይጠብቃታል። እርስዎ የጠቀሱት ምርጫ የሚመጣው በክፍል 1 ማብቂያ፣ ሊና ሌሎች የተጠለሉበት የሊ ቤተሰብ መድኃኒት ቤት በሙታኑ ሲሰበር ነው። ዳግን በመስኮቱ የገቡ እጆች ይዘው ይጎትቱታል፤ ካርሊን ደግሞ አንዱ ሙት ቁርጭምጭሚቷን ጨምድዶ ይዟት፣ ጥይት ያለበት ቦርሳዋ ከእጇ ርቋል። ለመወሰን ያለው ጊዜ የጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው።

አዘጋጆቹ ከዚህ በኋላ ሁለት የተለያዩ ታሪኮችን እስከ መጨረሻው ይዘው ቢሄዱ ምን ይፈጠር እንደነበር በቁጥር ማየት ይቻላል። በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ባለ ሁለት አማራጭ የሆኑ አሥር ምርጫዎች ቢኖሩና እያንዳንዱ ምርጫ ታሪኩን ለሁልጊዜ ቢከፍለው፣ 1,024 የተለያዩ መጨረሻዎች ያስፈልጉ ነበር። ለእያንዳንዳቸው ተዋናዮች ድምፅ መቅዳት፣ ባለሙያዎችም እንቅስቃሴ መሥራት አለባቸው፤ አንድ ተጫዋች ግን ከ1,024ቱ የሚያየው አንዱን ብቻ ነው። ይህን ወጪ የሚሸከም ድርጅት የለም። ስለዚህ ጸሐፊዎቹ ታሪኩን ከፈት ያደርጉትና ጥቂት ቆይተው መልሰው ያገናኙታል። ከደሴ የተነሣ መኪና ከሸዋ በርም ይነሣ ከፒያሳ፣ ኮምቦልቻ ለመድረስ ሐረጎን መውረዱ አይቀርም፤ የተሳፋሪዎቹ ጨዋታ ግን በየመኪናው ይለያያል። የካርሊና የዳግ ሞትም እንዲህ ያለ መገናኛ ነው። ይሁን እንጂ አሟሟታቸው አንድ አይደለም፤ ካርሊን ከቡድናቸው አባላት አንዷ የሆነችው ሊሊ ሆን ብላ በጥይት ትገድላታለች፤ ዳግ ግን የሚሞተው ሊሊ ቤን በተባለ ሌላ የቡድኑ አባል ላይ ስታነጣጥር ቤንን ለማዳን ገብቶ ነው። ከጎረቤትዎ ልጅ ጋር ስለዚህ ልዩነት ካልተነጋገራችሁ አሁን ተነጋገሩበት፤ ሊሊን የምትፈርዱባት በአንድ ዓይን ላይሆን ይችላልና።

የጌሙ ጥንካሬ ያለው መንገዱን በመለወጥ ላይ ሳይሆን የሠሩትን በማስታወስ ላይ ነው ብለን እናምናለን። በክፍል 2 ማብቂያ ቡድኑ ምግብና ልብስ የሞላበት፣ ባለቤቱ አጠገቡ የሌለ መኪና ያገኛል። ሊ «አልወስድም» ቢልም ሌሎቹ መዝረፋቸው አይቀርም፤ ስለዚህ ምርጫው በዚያች ሰዓት ከንቱ ይመስላል። ክፍል 5 ላይ ግን የመኪናው ባለቤት ሊን ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ የዚያን ሌሊት ሥራውንና በየክፍሉ የወሰናቸውን ነገሮች እያነሣ ይጠይቀዋል። ያ ሰው የሚጠይቀው ሊን ብቻ አይደለም፤ ጆይስቲኩን የያዘውን ሰው ጭምር እንጂ። ይህን ትዕይንት በፊልም ብናየው ኖሮ ሊ ይፈር ይሆናል እንጂ እኛ አናፍርም ነበር።

ከዚህም በተሻለ የተሠራ ምሳሌ አለ። የፈረንሳዩ ዶንትኖድ ስቱዲዮ በ2015 ባወጣው «ላይፍ ኢዝ ስትሬንጅ»፣ ማክስ የተባለችው ተማሪ ጊዜን ወደ ኋላ መመለስ ስለምትችል፣ ተጫዋቹ የተናገረውን ሰርዞ ሌላ መሞከር ይችላል። ክፍል 2 ላይ ግን ኬት የተባለች ጓደኛዋ ራሷን ለማጥፋት ከሕንፃ ጣሪያ ላይ ስትቆም የማክስ ኃይል ይከዳታል። ኬትን ለመመለስ ያለው መንገድ ቃል ብቻ ነው፤ ትክክለኛውን ቃል ለማግኘት ደግሞ ቀደም ሲል ክፍሏ ገብተው ዕቃዎቿን ልብ ብለው ያዩ መሆን አለብዎት፤ ስልክ ስትደውልም አንሥተውላት ከሆነ ይጠቅምዎታል። ኬት ከተረፈች በኋለኛው ክፍል ሆስፒታል ሄደው ይጠይቋታል፤ ካልተረፈች አልጋው የለም። ጌሙ ትኩረት የሰጠንና ያልሰጠን ሰው ለይቶ የሚያውቅበት እንዲህ ያለ ስፍራ ብዙ ጊዜ አናገኝም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን በአንድ ነገር እርስዎ ልክ ነዎት፤ «ታሪኩ እንደ አጨዋወትዎ ይቀረጻል» የሚለው ማስታወቂያ ከሚሰጠው በላይ ቃል የሚገባ ነው። «ክሌመንታይን ይህን ታስታውሳለች» የሚል ጽሑፍ በማያው ጥግ ብቅ ካለ በኋላ ልጅቱ ነገሩን ዳግም ሳታነሣው የምትቀርበት ጊዜም አለ። ሻጭ ዕቃውን ማጋነኑ የትም ያለ ነው፤ ገዢው ግን ቅር መሰኘቱ አያስገርምም።

ጥያቄ፦ ከደሴ ቧንቧ ውሃ ነው የምጽፈው። ለመሆኑ ጌሙን ለምን ይቆራርጡታል? አንዴ ሠርተው ቢሸጡት ምን ይጎድልባቸዋል? ታላቅ ወንድሜ እንደሚለው ከሆነ ደግሞ ተከታታዩን በሁለት ሌሊት መጨረስ ጣዕሙን ያጠፋዋል።

መልስ፦ መቆራረጡ ሲጀመር የጥበብ ሳይሆን የገንዘብ ዘዴ ነበር። ቴልቴል ጌምስ የተቋቋመው በ2004 ነው። መሥራቾቹ ሉካስአርትስ በተባለው የጌም ድርጅት ይሠሩ የነበሩ ሲሆኑ፣ ያ ድርጅት የጀመረውን የ«ሳም ኤንድ ማክስ» ጌም በዚያው ዓመት ሰርዞት ነበር። አዲሱ ትንሽ ድርጅት ትልቅ ጌም ጨርሶ እስኪሸጥ የሚያቆየው ገንዘብ ስላልነበረው፣ አጫጭር ክፍሎችን ሠርቶ አንዱ በሚያስገባው ገቢ ሌላውን መቀጠል ነበረበት። በእነዚያው በ«ሳም ኤንድ ማክስ» ገጸ ባሕርያት የሠራው አዲስ ጌም ከኦክቶበር 2006 እስከ ኤፕሪል 2007 ባለው ጊዜ በስድስት ክፍል ወጣ። የ«ዘ ዎኪንግ ዴድ» አንድ ክፍል ዋጋ 5 ዶላር ያህል፣ የሙሉው ምዕራፍ ደግሞ 25 ዶላር ያህል ነበር፤ ያልወደደ ሰው ከአንዱ ክፍል በኋላ መተው ይችላል።

ስልቱ ለሁሉም አልሠራም። ቫልቭ የተባለው የጌም ድርጅት የ«ሃፍ ላይፍ 2»ን ተከታይ በአጫጭር ክፍሎች ቶሎ ቶሎ ለማውጣት አስቦ የመጀመሪያውን በጁን 2006፣ ሁለተኛውን በኦክቶበር 2007 አወጣ። ሁለተኛው ክፍል ልብ አንጠልጥሎ ተቋረጠ፤ ሦስተኛው እስከ ዛሬ አልወጣም። «ኬንታኪ ሩት ዜሮ» አምስት ክፍሎቹን ለመጨረስ ከጃንዋሪ 2013 እስከ ጃንዋሪ 2020 ድረስ ሰባት ዓመት ፈጅቷል፤ ደግነቱ ተጠናቋል። «ላይፍ ኢዝ ስትሬንጅ 2» በ2018 እና በ2019 ሲወጣ በአንዱና በሌላው ክፍል መካከል ከሦስት እስከ አራት ወር ገደማ ያስጠብቅ ስለነበር፣ ብዙ ተጫዋች የዋና ገጸ ባሕርያቱን፣ የሁለቱን ወንድማማቾች ታሪክ ረስቶት ይመለስ ነበር። ቴልቴል ራሱ በሴፕቴምበር 2018 ወደ 250 የሚጠጉ ሠራተኞቹን በአንድ ቀን አሰናብቶ ፈረሰ፤ በዚያን ጊዜ የክሌመንታይን የመጨረሻ ምዕራፍ ከአራቱ ክፍሎች ገና ግማሹ ላይ ነበር። ስካይባውንድ የተባለው ድርጅት ተረክቦ ቀሪዎቹን ሁለት ክፍሎች በ2019 ባያወጣ ኖሮ፣ ያቺን ልጅ ለስድስት ዓመት የተከተለ ሰው መጨረሻዋን ሳያይ በቀረ ነበር።

ከዚህ በኋላ ብዙዎቹ ጠቅልሎ ወደ መሸጥ ተመለሱ። «ላይፍ ኢዝ ስትሬንጅ፦ ትሩ ከለርስ» በ2021 አምስቱም ክፍሎቹ በአንድ ቀን ወጡ። ሆኖም በቴልቴል ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ያቋቋሙት አድሆክ ስቱዲዮ በኦክቶበር 2025 «ዲስፓች» የተባለውን ጌም ሲያወጣ፣ ስምንቱን ክፍሎች አስቀድሞ አዘጋጅቶ በየሳምንቱ ሁለት ሁለቱን ለቀቀና በአራት ሳምንት ጨረሰ። እኛ ትክክለኛው መልክ ይህ ነው እንላለን፤ ጥበቃው ለወሬ የሚበቃ እንጂ ለመርሳት የሚበቃ መሆን የለበትም።

ታላቅ ወንድምዎም የተናገሩት እውነት ነው። እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሰዓት ገደማ ተጫውቶ በአንድ ትልቅ ጥያቄ እንዲያበቃ ተደርጎ የተጻፈ ስለሆነ፣ ወዲያው ወደሚቀጥለው ካለፉ ያ ጥያቄ ሳይብላላ ይቀራል። በአንድ ምሽት አንድ ክፍል ይጫወቱ፤ ሲያበቃ የሚመጣውንና ከሌሎች ተጫዋቾች ስንት በመቶው እንደ እርስዎ እንደወሰነ የሚያሳየውን ሰንጠረዥም ሳያልፉ ይዩት። ግዢን በተመለከተ ደግሞ ምዕራፉ ተጠናቆ እስኪወጣ መጠበቅ ገንዘብን ከስጋት ያድናል፤ በተለይ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ እንደ ልብ በማይገኝበት በእኛ አገር። የ«ላይፍ ኢዝ ስትሬንጅ» ክፍል 1 ከ2016 ጀምሮ በነፃ ስለሚሰጥ፣ ሳይከፍሉ ለመሞከር ከዚያ መጀመር ይቻላል።

ጥያቄ፦ የደሴ ሆጤ ነዋሪና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ልጄ እነዚህ ጌሞች ተኩስ የሌለባቸው ታሪኮች ናቸውና ፍቀጂልኝ ይለኛል። ልፍቀድለት?

መልስ፦ ከላይ የተነሡትን ሁለቱን አይፍቀዱለት። የአውሮፓው የዕድሜ ምደባ «ዘ ዎኪንግ ዴድ»ን ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ «ላይፍ ኢዝ ስትሬንጅ»ን ለ16 ዓመትና ከዚያ በላይ ብሎታል። የመጀመሪያው ደምና ጭካኔ የበዛበት ነው። ሁለተኛው ተኩሱ ጥቂት ቢሆንም ራስን ማጥፋትን፣ አደንዛዥ ዕፅንና በወጣት ሴቶች ላይ የሚፈጸም ወንጀልን ያነሣል። ልጅዎ ተኩስ የለበትም ማለቱ ቢያንስ በከፊል ልክ ሊሆን ይችላል፤ ክብደቱ ግን ያለው በተኩሱ ላይ አይደለም። ዕድሜው ሲደርስ አብረውት ተቀምጠው «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» እያሉ ቢጫወቱ፣ ከእግር ኳስ ጌም ይልቅ የሚያነጋግራችሁ ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ አካባቢ ትንሽ የፕሌይስቴሽን ቤት አለኝ። ደንበኞቼ የሚመጡት ለእግር ኳስ ሲሆን የማስከፍለውም በጨዋታ ነው። የታሪክ ጌም ባስገባ ያዋጣኛል? መብራት ሲሄድስ የደረሱበት ይጠፋባቸዋል?

መልስ፦ የቀኑን ገበያ ለእግር ኳሱ ይተዉለት፤ ሁለት ሰዎች ተፎካክረው በደቂቃዎች የሚጨርሱትን ጨዋታ ታሪክ ሊተካው አይችልም። የታሪክ ጌም የሚያዋጣው ቀን ተቆርጦለት፣ በሳምንት አንድ ምሽት አንድ ክፍል በሚል ሲሆን ነው። ዋጋውንም በጨዋታ ሳይሆን በሰው ይተምኑት። አንዱ ጆይስቲኩን ይይዛል፣ ሌሎቹ እጅ እያወጡ ይወስናሉ። ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም፤ ቴልቴል በ2016 ባወጣው የ«ባትማን» ተከታታይ ተመልካቾች በስልካቸው ድምፅ የሚሰጡበትን መንገድ አስገብቶ ነበር። የእርስዎ ቤት ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ እጅ ማውጣት ይበቃል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምንመክርዎ «ላይፍ ኢዝ ስትሬንጅ»ን ነው፤ ደንበኞችዎ ግን ዕድሜያቸው የደረሰ መሆኑን ያረጋግጡ። ምክንያታችን ቀላል ነው፤ በ«ዘ ዎኪንግ ዴድ» መልስ ለመስጠት ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ፣ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ አንብቦ፣ ተርጉሞ፣ ተከራክሮ ለመወሰን አይበቃም። በ«ላይፍ ኢዝ ስትሬንጅ» ግን አብዛኞቹ ምርጫዎች ሰዓት አይቆጥሩም፤ የተሳሳተውንም ጊዜን መልሶ ማረም ይቻላል። ከደንበኞችዎ እንግሊዝኛ የሚቀናውን አንዱን መርጠው ንግግሩን ባማርኛ እያሰማ እንዲሄድ ቢያደርጉትና እሱን በነፃ ቢያስገቡት፣ ቤቱ የሚሞላው በእሱ አንደበት ይሆናል።

መብራትን በተመለከተ፣ እነዚህ ጌሞች የተደረሰበትን ራሳቸው በየትዕይንቱ መግቢያ ስለሚያስቀምጡ፣ ድንገት ቢጠፋ የሚደገመው ብዙውን ጊዜ አጭር ነው። የሚያሰጋው መብራቱ የሚሄደው ልክ መዝገቡ እየተጻፈ ባለበት ቅጽበት ከሆነ ነው፤ ያን ጊዜ ፋይሉ ሊበላሽና የወር ድካም ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ክፍል በኋላ ፋይሉን ወደ ፍላሽ ይገልብጡት፤ መሣሪያዎ የማይፈቅድ ከሆነ ደግሞ ለቴሌቪዥኑና ለፕሌይስቴሽኑ የሚበቃ ኃይል ማቆያ ባትሪ ይግዙ። ሌላው ጥንቃቄ፣ የአንዱ ቡድን ታሪክ በሌላው ላይ እንዳይጻፍ ለእያንዳንዱ ቡድን የተለየ የመዝገብ ቦታ መስጠት ነው። የገዙትንም ጌም ወዲያውኑ አውርደው ያስቀምጡ፤ የቴልቴል «ማይንክራፍት፦ ስቶሪ ሞድ» በጁን 2019 ከመሸጫዎች ሲነሣ፣ ቀድመው ያላወረዱ ገዢዎች የከፈሉበትን ክፍል አጥተዋል።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሶፍትዌር ተማሪ ነኝ። በደሴ ከተማ የሚካሄድ፣ በክፍል የሚወጣ የአማርኛ ታሪክ ጌም ብቻዬን ለመሥራት እፈልጋለሁ። ሥዕል መሣል እምብዛም አልችልም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ የታሪክ ጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ከሆነው ከሬንፓይ ይጀምሩ። ነፃ ነው፤ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ላይ የተሠራ ስለሆነም ትምህርትዎ ያግዝዎታል፤ ለኮምፒውተርም ለአንድሮይድ ስልክም የሚሆን ጌም ያወጣል። በቋሚ ምስል፣ በጽሑፍና በምርጫ ስለሚሠራ፣ የፒያሳን ወይም የጦሳን ተራራ ፎቶ ራስዎ አንሥተው ከጀርባ ማድረግ ይችላሉ፤ የሰዎችን ፎቶ ግን ሳያስፈቅዱ አይጠቀሙ። ይዞት የሚመጣው ፊደል ግዕዝን በትክክል ላያሳይ ስለሚችል፣ እንደ አቢሲኒካ ያለ ነፃ የግዕዝ ፊደል ከጌሙ ጋር አብረው ያስገቡ። ሥዕል ጨርሶ የማይፈልጉ ከሆነ፣ በድረ ገጽ መክፈቻ ላይ የሚሠራው፣ በጽሑፍና በምርጫ ብቻ ታሪክ የሚሠራበት ትዋይን ይበቃዎታል።

ክፍል 1 የተወሰነው ምርጫ ክፍል 2 ላይ እንዲታወስ፣ ሁለቱ ጌሞች የሚጋሩት መዝገብ ያስፈልጋል፤ ሬንፓይ ለዚሁ የተሠራ ማልቲፐርሲስተንት የተባለ ዘዴ አለው። እዚያ ውስጥ ብዙ ነገር አያጭቁ። አምስት ያህል እውነታዎች፣ ለምሳሌ ገንዘቡን ማን ወሰደ፣ ለእናትየው ማን ነገራት፣ የሚሉት፣ በየክፍሉ ተመልሰው ከተነሡ ከሃምሳ ከሚረሱ ምርጫዎች ይበልጣሉ። «ባለፈው ክፍል» የሚለውን ማስታወሻም ለሁሉም አንድ አያድርጉት፤ ተጫዋቹ ራሱ ከወሰነው እየተመረጠ ይሠራለት።

አማርኛ ደግሞ እንግሊዝኛ የማያነሣውን ጣጣ ያመጣል። ተጫዋቹ ዋናው ገጸ ባሕርይ ወንድ ወይም ሴት እንዲሆን ከመረጠ፣ እሱን የሚያናግር ሰው ግሥ ሁሉ አብሮ ይለወጣል፤ በአንድ ተለዋዋጭ ስም ብቻ አይፈታም። ስለዚህ ለመጀመሪያ ሥራዎ ገጸ ባሕርይው አስቀድሞ የተወሰነ ይሁን። ከዚያ ጣጣው ራሱ ወደ ሀብትነት ይለወጣል፤ ሰኞ ገበያ ላይ አንዲት አሮጊት ዕቃ ሲያነሡ ገጸ ባሕርይዎ «ላግዝሽ» ይበል ወይስ «ላግዝዎ» ይበል የሚለውን ለተጫዋቹ ይተዉት፤ አሮጊቷ በክፍል 3 የምስክርነት ቃል የምትሰጠው ሴት ብትሆን፣ አነጋገሩን አልረሳችም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጌም ይህን ምርጫ በአንድ ፊደል ልዩነት ሊያቀርበው አይችልም።

ክፍል 1ን ከማውጣትዎ በፊት የመጨረሻውን ክፍል ረቂቅ ጽፈው ይጨርሱ፤ ከላይ ያየናቸው ተቋርጠው የቀሩ ሥራዎች ባለቤቶች ከእርስዎ እጅግ የሚበልጥ ሠራተኛና ገንዘብ ነበራቸው። አምስት ክፍል ከሚያስቡ ሦስት ያስቡ፤ እያንዳንዱም አንድ ሰዓት ቢሆን አያንስም። ሲሞክሩት በኮምፒውተር ብቻ ሳይሆን በአነስተኛ ስልክ ላይ ይሁን፤ የግዕዝ ፊደል በትንሽ መጠን ሲጻፍ «ሰ» እና «ስ» እየተመሳሰሉ ስለሚያስቸግሩ፣ የጽሑፉን መጠን ከእንግሊዝኛው ከፍ ማድረግ ይኖርብዎታል።